«ኤችፒዬን ማክ ላድርገው ወይ?» ላለችኝ የኮዬ ፈጬ ኤዲተር

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነው የምተዳደረው። ያለኝ ላፕቶፕ ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ነው፤ ኮር አይ5፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ሥራ የሚሰጡኝ ካሜራማኖች ሁሉም የአፕልን ኤዲቲንግ ፕሮግራም፣ ፋይናል ከትን ነው የሚጠቀሙት፤ ዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ የጀመሩትን ሲልኩልኝ መክፈት አልችልም። መገናኛ ያለ አንድ ልጅ በአንድ ቀን ‹ሙሉ ማክ አደርግልሻለሁ› አለኝ። ይሆናል ወይስ ብሬን ነው የሚበላው?»

ይሆናል። ልጁ አልዋሸሽም። ችግሯ «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ናት።

የእኔ ጥገና ቤት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአንቺ ብዙም አልርቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው ላፕቶፕ ስፈታና ስገጥም ነው የምውለው። የማክ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን ሲስተም፣ ማክ ኦኤስን፣ አፕል ባልሠራው ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ፣ በሰፈራችን አጠራር ሃኪንቶሽ፣ ለእኔ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ እንጀራ ሆነ። አሁን ተመልሶ ጨዋታ ሆኗል። ለምን ተመልሶ ጨዋታ እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ፣ ግማሹ መልስሽ እዚያ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ እንዴት ሊሠራ ይችላል? አፕል ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማኮቹን በኢንቴል ፕሮሰሰር መሥራት ጀመረ። ስለዚህ ማክቡክ ውስጥ ያለው ዕቃና የአንቺ ኤችፒ ውስጥ ያለው ዕቃ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ማክ ኦኤስ ሲነሳ «ያለሁት ማን ቤት ነው?» ብሎ ማጣራቱ ነው። ኦፕንኮር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከማክ ኦኤስ በፊት ቀድሞ ይነሳና «ማክቡክ ፕሮ ላይ ነህ፣ ግባ» ይለዋል። የአንቺን ዓይነት ማሽን ብዙ ጊዜ የምናስመስለው የ2018ቱን ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ነው። ከዚያ ማክ ኦኤስ ለማያውቀው ለእያንዳንዱ ዕቃ ኬክስት የሚባል ትንሽ ድራይቨር ይጨመርለታል፤ ለድምፁ አንድ፣ ለዋይፋዩ አንድ፣ ለባትሪው አንድ፣ ለመዳሰሻው አንድ። ይሄ ሁሉ ኢኤፍአይ የሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የልጁ ሥራ ያንን ፎልደር ማዘጋጀት ነው፣ ሌላው የአፕል ነው።

አሁን ወደ አንቺ ማሽን እንምጣ። ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ግራፊክሱን ነው፤ ምክንያቱም ለፕሮሰሰሩ መላ አይጠፋም፣ ለግራፊክሱ ግን አፕል የጻፈው ድራይቨር ከሌለ ማንም አይጽፍልሽም። ያንቺ ኢንቴል ዩኤችዲ 620 ነው። ይሄ ይሠራል፤ የቅርብ ዘመዶቹ በእውነተኛ ማኮች ውስጥ ስለነበሩ ነው። ጓደኛሽ 11ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ኖሮት «ከአንቺ አዲስ ነው፣ በኔ እንሞክር» ካለሽ እንዳትሰሚው። እዚያ ላይ ያለውን አይሪስ ኤክስኢ የሚባል ግራፊክስ አፕል ጭራሽ ተጠቅሞበት አያውቅም፣ ስለዚህ ድራይቨር የለውም። አዲስ ስለሆነ ይበልጣል ማለት እዚህ አይሠራም። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለበት ላፕቶፕም እንዲሁ ነው፤ ካርዱ ተዘግቶ በኢንቴሉ ብቻ ነው የሚኬደው፣ ያ ጌሚንግ ላፕቶፕ የተባለው ሁሉ ውድ ካርዱን ተሸክሞ ይቀመጣል።

ሌላው ኤስኤስዲው ነው፣ ይሄን ልጁ አይቶልሽ እንደሆነ አላውቅም። ከነዚህ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ውስጥ ሳምሰንግ ፒኤም981 የሚባል ኤስኤስዲ አለ። በዊንዶውስ ምንም አይልም፣ ጎበዝ ዕቃ ነው። ከማክ ኦኤስ ጋር ግን አይስማማም፤ ሲጭኑት እሺ ብሎ ይጫንና በሥራ መሀል ማሽኑ በራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ማስተካከያ የሚሆን ኬክስት አለ፣ አንዳንዱ ላይ ያረጋጋዋል፣ አንዳንዱ ላይ አያረጋጋውም። እኔ ሳየው ቀይሩት ነው የምለው። ሰው ግን ሳምንት ሙሉ ራሙን ሲቀያይር፣ ፍላሽ ሲቀያይር፣ ልጁን ሲሳደብ ይከርማል።

ዋይፋዩ የኢንቴል ነው፣ ሶኖማ በሚባለው የማክ ኦኤስ ስሪት ላይ በደንብ ይሠራል። ኤርድሮፕን፣ የአፕል ዕቃዎች ያለ ገመድ ፋይል የሚላላኩበትን፣ ግን እርሺው። ካሜራማኖቹ በአይፎናቸው «ኤርድሮፕ አድርጌልሻለሁ» ቢሉሽ አይመጣም፣ በኢንቴል ካርድ አይሆንም። ድምፁም ይሠራል፣ ጆሮ ማዳመጫ ስትሰኪ አልፎ አልፎ ይኮርፋል። ካሜራው ይሠራል። የጣት አሻራው አይሠራም። ይሄን ያህል ነው፤ ለአንድ ያገለገለ ኤችፒ መጥፎ አይደለም።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገላን አካባቢ መዝሙር የሚቀዳ ልጅ ነበር። ዴስክቶፕ አለው፣ ገንዘብ የለውም፣ የአፕልን የሙዚቃ ፕሮግራም፣ ሎጂክ ፕሮን ይፈልጋል። ኤንቪዲያ ጂቲ 710 ካርድ አገኘሁለትና ቢግ ሰር የሚባለውን የማክ ኦኤስ ስሪት ጫንኩለት። ያቺ ካርድ በጣም ርካሽ ናት፣ ግን ያን ጊዜ ማክ ኦኤስ ከሚያውቃቸው ከመጨረሻዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች አንዷ ነበረች። እንደ ሰዓት ሠራ። ልጁ ሰፈር ውስጥ ስሜን አስጠራልኝ፣ በሱ ምክንያት አራት አምስት ሰው መጣልኝ። በ2021 መገባደጃ ቀጣዩ ስሪት ሞንተሬይ ወጣ። አንድ ቀን ማታ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አዲስ ማሻሻያ አለ» ብሎ ብቅ ሲልበት፣ ጎበዙ ተጫነው። እኔ እንዳትነካ አላልኩትም ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አፕል በሞንተሬይ የነዚያን ካርዶች ድራይቨር አውጥቶ ጥሏል። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪን አለ፣ ግን መስኮት ስትጎትቺው እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው። ልጁ ለእሁድ የሚያስረክበው መዝሙር አለው። እኔ ደግሞ ወደ ቢግ ሰር ለመመለስ እንደገና አሥራ ምናምን ጊጋ ማውረድ አለብኝ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መዝሙሩ በሌላ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ልጁ እስከ ዛሬ ሰላም ይለኛል፣ ሰላምታው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

እዚህ ታሪክ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም። ካርዱ ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። አፕል ለራሱ ማኮች የሚበጀውን አደረገ፣ እኛ ግን በሂሳቡ ውስጥ አልነበርንም። የሃኪንቶሽ ነገር እንዲህ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው ነገ ለምን እንዳልሠራ የሚጠየቅ ሰው የለም። አፕል ጋ ደውለሽ «ኤችፒዬ ላይ ያለው ማክ ኦኤስ» ብትያቸው ምን እንደሚሉሽ ገምቺ። የፈቃድ ውሉ ራሱ ማክ ኦኤስ የሚጫነው አፕል በሠራው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሳይስታር የሚባል ድርጅት ማክ ኦኤስ የተጫነበት ፒሲ መሸጥ ጀምሮ አፕል በ2008 ከሰሰው፣ በ2009 ተፈረደበት፣ ይግባኙም አልጠቀመውም። አንቺን መጥቶ የሚከስሽ የለም፣ አላስፈራራሽም። ግን የመገናኛው ልጅ በገንዘብ የሚሸጥልሽ ነገር የሱ እንዳልሆነ እወቂ። ኦፕንኮርን የጻፉት ሰዎች በነፃ ነው የሰጡት፣ ማክ ኦኤሱ የአፕል ነው። የምትከፍይው ለልጁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋስትናው ምን እንደሆነ ጠይቂው፤ በሚቀጥለው ወር ባይነሳ ይመጣል ወይስ ስልኩን ይዘጋል?

የከፋው ነገር ደግሞ በሩ እየተዘጋ መሆኑ ነው። አፕል በ2020 የራሱን ቺፕ ይዞ መጣ፣ ኤም1 የሚባለውን። ከዚያ ጀምሮ ኢንቴልን እያሰናበተ ነው። በሰኔ 2025 ደግሞ ታሆ የሚባለው ስሪት ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሆነ በይፋ ተናገረ። ማክ ኦኤስ ለኢንቴል ካልተጻፈ ኦፕንኮር የሚያታልለው ነገር አይኖርም፤ ቋንቋው ራሱ ሌላ ነው። እሱም ብቻ አይደለም። ታሆ ላይ አፕል አሮጌውን የድምፅ ድራይቨር አውጥቶታል፣ እኛ ደግሞ ድምፅ የምናገኘው በሱ ላይ ተንጠልጥለን ነበር። ስለዚህ ታሆን ኤችፒሽ ላይ ብትጭኚው ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ኤዲተር ትሆኛለሽ፣ ወይ ሌላ ጥገና ላይ ጥገና ይደረግለታል። ለዚህ ነው ለአንቺ ማሽን ሶኖማን የምመርጠው። ሶኖማ ግን የ2023 ነው። አፕል በልማዱ የጥገና ማሻሻያ የሚሰጠው ለአዲሱና ከሱ በፊት ላሉት ሁለት ስሪቶች ነው፤ ዕድሜው ረጅም አይደለም።

አሁን ይሄን ከአንቺ ጥያቄ ጋር አገናኚው። ማክ የፈለግሽው የካሜራማኖቹን ፕሮጀክት ለመክፈት ነው አይደል? ፋይናል ከት አንድ ጠባይ አለው። በአዲሱ ስሪት የተከፈተ ላይብረሪ (ፕሮጀክቶቹ የሚቀመጡበት ፋይል) በአሮጌው ስሪት ተመልሶ አይከፈትም። እነሱ እውነተኛ ማክ ነው ያላቸው፣ ስልካቸውን እንደሚያድሱት ፋይናል ከታቸውንም ያድሳሉ። ፋይናል ከት 11 ሲወጣ ቢያንስ ሶኖማ 14.6 ጠይቆ ነበር፣ ቀጣዮቹ እየጨመሩ ነው የሚሄዱት። አንቺ ሶኖማ ላይ ትቆሚያለሽ፣ እነሱ ይሄዳሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ፕሮጀክት ይልኩልሻል፣ «አዲስ ስሪት ያስፈልጋል» ብሎ ይመልስሻል። ልክ ዛሬ ያለሽበት ቦታ ላይ ትገኛለሽ ማለት ነው፣ ልዩነቱ አሁን ብርሽን ከፍለሽበታል። በዚያ ላይ ንግግርን ወደ ጽሑፍ እንደሚቀይረው ያሉ አዳዲሶቹ ነገሮች አፕል በሠራው ቺፕ ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት። ዩኤችዲ 620 ላይ ባለ ሁለት ካሜራ የ4ኬ ሰርግ በቀጥታ ልቁረጥ ካልሽም ማክ ኦኤስ ተአምር አይሠራም፤ ያው አቅሙ ያው ነው።

ስለዚህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብሽ፣ መጀመሪያ ይሄን ሞክሪ። ምንም ብር አያስወጣም።

ካሜራማኖቹ ላይብረሪውን እንዳይልኩልሽ። ፋይናል ከት ውስጥ ፕሮጀክቱን መርጠው ከፋይል ሜኑ «ኤክስፖርት ኤክስኤምኤል» ይበሉ። እዚያ ስሪት ምረጡ የሚል ቦታ አለ፣ ካሉት ውስጥ የቆየውን ይምረጡ። ያንን ፋይልና ጥሬ ቪዲዮዎቹን በሀርድ ዲስክ ይስጡሽ። አንቺ ዊንዶውስሽ ላይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ኤዲቲንግ ፕሮግራም በነፃ አውርደሽ ጫኚ። ሪዞልቭ ያንን ኤክስኤምኤል ያነባል፤ የቆረጡት ቦታ፣ ቅደም ተከተሉ፣ የተደራረቡት ትራኮች ይመጡልሻል። የማይመጣው የፋይናል ከት የራሱ ጽሑፍ፣ ትራንዚሽንና ፕለጊን ነው፣ እሱን ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ለነገሩ ኤዲተርዋ አንቺ አይደለሽ?

አንድ የምታደናግር ነገር አለች። አዲሶቹ ፋይናል ከቶች ኤክስኤምኤሉን አንዳንዴ መጨረሻው ላይ «ዲ» ፊደል በተጨመረበት ስም ያወጡታል። ማክ ላይ አንድ ፋይል ይመስላል፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ፎልደር ሆኖ ነው የሚታይሽ። አትደንግጪ፣ አልተበላሸም። ፎልደሩን ክፈቺው፣ ውስጡ «ኢንፎ» የሚል ፋይል አለ፣ ሪዞልቭ ላይ እሱን አስገቢ። ይሄን ባለማወቅ «ፋይልህ ከረፕት ነው» ተባብለው የተጣሉ ሰዎች አስታርቄያለሁ።

ላፕቶፕሽ ከባድ ነገር እንዳይሸከም ደግሞ ሪዞልቭ ውስጥ ፕሮክሲ ፍጠሪ። ማታ መብራት ሲኖር ላፕቶፑን ሰክተሽ፣ ቪዲዮዎቹን ወደ ትንሽ ቅጂ እንዲቀይርልሽ ትተሽው ተኚ። ጠዋት በትንሹ ቅጂ ትቆርጫለሽ፣ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ከዋናው ነው የሚያወጣው። ዩኤችዲ 620 ላይ ሰርግ የሚቆረጠው በዚህ መንገድ ነው። ላፕቶፕሽን ማክ ብታደርጊውም ይሄንኑ ነበር የምታደርጊው።

ይሄን ሁሉ አንብበሽም «የለም፣ ማክ ኦኤስን መልመድ እፈልጋለሁ» ካልሽ፣ አልቃወምሽም። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ስለ ኮምፒውተር ከማንኛውም ኮርስ በላይ የተማርኩት ከሃኪንቶሽ ነው፤ ማሽን ሲነሳ ምን ምን እንደሚጠራ፣ ባትሪ ለሲስተሙ እንዴት እንደሚናገር፣ አንዲት የዩኤስቢ ቀዳዳ ለምን እንቅልፍ እንደምትከለክል፣ ሁሉንም እዚያ ነው ያየሁት። ብቻ ሥራሽ ያለበትን ኤስኤስዲ አይንኩብሽ። ያንን ያስፈቺና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሌላ ገዝተሽ በሱ ላይ ይጫን። ወይ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ ላይ ይጫን፣ ሲሰለችሽ ነቅለሽ ወደ ዊንዶውስሽ ትመለሻለሽ። ሰርጎች ያሉበትን ዲስክ ለሁለት ከፍሎ ማክ የሚጭንልሽ ሰው ቸኩሏል ማለት ነው።

የኮዬ ኑሮም የራሱ ጣጣ አለው። የመጫኛውን ማስጀመሪያ ብቻ በያዘ ትንሽ ፍላሽ ከጫንሽ፣ ማክ ኦኤስ ቀሪውን አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ጊጋ የሚያወርደው በመጫኛው ሰዓት ነው፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከዜሮ ሊያስጀምርሽ ይችላል። በአንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ልስጠው ብትዪም ማክ ኦኤስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አይቀበለውም፣ አይፎንን ግን ይቀበላል። የሚሻለው ማክ ካለው ካሜራማን ላይ ሙሉውን መጫኛ ቢያንስ 16 ጊጋ በሆነ ፍላሽ ላይ ማስገልበጥ ነው፣ ያኔ ኢንተርኔት አያስፈልግሽም።

እንቅልፉም ሌላ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሥራሽን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መጥፋት ይችላል። ሃኪንቶሽ ላይ ይሄ ነገር አስተማማኝ ስላልሆነ ብዙዎቻችን እናጠፋዋለን። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ክዳኑን ዘግተሽ ውሃ ልትቀጂ ወርደሽ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ጠጥተሽ ብትመለሺ፣ ያ ያገለገለ ባትሪ አልቆ ሊጠብቅሽ ይችላል። ክዳን ከመዝጋት በፊት ሴቭ ማድረግ ብቻ ሳይሆን ማሽኑን ማጥፋት ልመጂ።

ልጁ ያለቀለት ፎልደር ከሌላ ሰው ገልብጦ የሚጭንልሽ ከሆነ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የማክ ሴሪያል ቁጥር ይቀይርልሽ። በአንድ ሴሪያል ሃያ ሰው የሚጠቀምበት ኢኤፍአይ አይቻለሁ። አፕል አይዲሽን በዚያ ላይ ካስገባሽ አካውንትሽ ሊታገድ ይችላል፣ ስልክሽ አይፎን ከሆነ ፎቶሽም እዚያው አካውንት ላይ ነው። ለሙከራው ሌላ አይዲ ክፈቺ። ራሱ የሚነሳውን ማሻሻያም በመጀመሪያው ቀን አጥፊው፤ የገላኑን ልጅ አስታውሺ።

እና ብርሽን እያጠራቀምሽ ከሆነ፣ ለመገናኛው ልጅ የምትሰጪውን ለብቻ አስቀምጪና ያገለገለ ኤም1 ማክ ሚኒ ተከታተዪ። ማክ ሚኒ ስክሪን ስለሌለው ከላፕቶፑ ይረክሳል፣ ስክሪን ደግሞ ከሰው ቤት አይጠፋም። ባትሪ የለውም፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ የግድ ነው። ከመግዛትሽ በፊት የባለቤቱ አካውንት መውጣቱን፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ እዚያው ፊትሽ አስደምስሰሽ አስነሺና እይ። የተቆለፈ ማክ ከሃኪንቶሽም ይብሳል፣ ማንም አይከፍትልሽም።

ኤክስኤምኤሉን ከአንዱ ካሜራማን ጋር በአንድ አጭር የልደት ቪዲዮ ሞክሩትና ምን እንደመጣ፣ ምን እንደቀረ ጻፊልኝ። ማክ ኦኤሱን ከወሰንሽ ደግሞ የላፕቶፑን የታች ክዳን አስከፍተሽ ኤስኤስዲው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ፒኤም981 ከሆነ በአንድ ቃል እነግርሻለሁ። ሴሪያሉን በጣትሽ ሸፍኚው።